ትከሻው ሲያዝ፦ በወሊድ ጊዜ በእናትና በህፃን ላይ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ መንስኤው

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በምርትና በገበያ በዓል ላይ ስለ ወሊድ መነሳቱ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሲመክር የዋለ አባል ማታ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱን ምጥ ይዟት ሊያገኛት ይችላል። ለሴት አባላት ደግሞ ጉዳዩ በራሳቸው አካል ላይ የሚያልፍ ነው። ስለ ምጥ በአደባባይ መነጋገር ነውር ተደርጎ በመቆየቱ፣ ብዙ አባወራ ስለ ላሙ መውለድ የሚያውቀውን ያህል ስለ ሚስቱ መውለድ አያውቅም።

ልጅ ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ጭንቅላቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ በሚመጣው ምጥ ትከሻው ይከተላል። አንዳንዴ ግን ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ የፊተኛው ትከሻ ከእናቲቱ እምብርት በታች፣ ከፊት በኩል ባለው የዳሌ አጥንት ሥር ይያዛል። የወጣው ጭንቅላትም ተመልሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስላል፤ አዋላጆች አንገቱን ከሚሰበስብ ኤሊ ጋር ያመሳስሉታል። ይህ ሁኔታ ከ1000 ወሊድ ከ2 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። ሲደርስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ደረቱ ተጨምቆ ስለሚቆይ ህፃኑ መተንፈስ አይችልም፤ እትብቱም ሊጫን ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈ በአንጎል ላይ ጉዳት የመድረሱ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ለአጠገቧ ሰዎች መጀመሪያ የሚታያቸው መጎተት ነው። ጥጃ አልወጣ ሲል ገመድ አስሮ ያወጣ ገበሬ እጁ ወደዚያው ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን የህፃኑን ትከሻ የያዘው አጥንት ነው፤ ጭንቅላቱን መሳብ ትከሻውን ከአጥንቱ ሥር አያወጣውም። የሚለጠጠው አንገቱ ነው። ከአንገት አጥንት መካከል ወጥተው ወደ ክንድ የሚወርዱ አምስት የነርቭ ሥሮች አሉ፤ አንገቱ ወደ ጎን ሲሳብ እነዚህ ይለጠጣሉ፣ ሲብስም ይበጠሳሉ። ህፃኑ ከዚያ በኋላ ክንዱ ዝሎ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይታያል። የአንገት ስር አጥንት ወይም የክንዱ አጥንት ሊሰበርም ይችላል። እናቲቱ ደግሞ ክፉኛ ልትቀደድና ብዙ ደም ሊፈሳት ይችላል።

ሆድን ከላይ መጫንም ከመጎተት የተለየ አይደለም። የተያዘውን ትከሻ ይበልጥ አጥንቱ ላይ ያጣብቀዋል፤ ማህፀንንም ሊቀድ ይችላል። ይህን የሚያደርጉት የልምድ አዋላጆች ብቻ ናቸው ማለት ግን አድልዎ ይሆናል፤ በጤና ተቋም ውስጥም የሚታይ ስህተት ነው።

ጉዳቱ የድሃ ቤት ጉዳት ብቻ አይደለም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1905 ከጀርመን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ በዚያ ዙፋን ላይ የነበሩት ቄሣር ዊልሄልም 2ኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ሲወለዱ በመቀመጫቸው መጥተው ግራ ክንዳቸው ተጎድቷል። ክንዱ ከቀኙ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ቀረ፤ በፎቶግራፍም ላይ ሲሸፍኑት ይታያሉ። የንጉሥ ቤት ሐኪም ባይጠፋበትም ነርቩን መመለስ አልቻለም።

መንስኤውን በተመለከተ፣ የልጁ ክብደት ከፍ ማለት፣ የእናቲቱ የስኳር በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ቀኑ ያለፈ እርግዝና፣ የተራዘመ ምጥና በመሣሪያ የታገዘ ወሊድ አደጋውን ይጨምራሉ። ቀደም ሲል ልጇ ትከሻው ተይዞባት የነበረች እናት ደግሞ በቀጣዩ ወሊድ ከሌሎች የበለጠ ልትጠነቀቅ ይገባል፤ ይህንንም ለጤና ባለሙያው መንገር አለባት። ሆኖም ትከሻቸው ከሚያዝ ህፃናት ግማሽ ያህሉ ከ4 ኪሎ በታች የሚመዝኑ ናቸው። ስለዚህ በማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ይህ ነጥብ በገጠር ሊሰመርበት ይገባል። ልጁ እንዳይገዝፍና ምጥ እንዳይከብዳት በሚል ነፍሰ ጡር ምግቧን የምትቀንስበት፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የአይረን ክኒን የማትውጥበት አካባቢ ጥቂት አይደለም። መራብ ግን ትከሻን ከመያዝ አያድንም። ደሟን ያሳንሰዋል፤ ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ሲፈሳት ትወድቃለች። አማትም ሆነች ባል ለነፍሰ ጡሯ «ቀንሺ» ብለው ቢመክሩ፣ በቅን ልብ የተሰጠ ጎጂ ምክር ነው።

ትከሻ ሲያዝ መፍትሔው በአብዛኛው መድኃኒትም ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። አዋላጅዋ መጎተቱን ታቆማለች፣ ረዳት ትጠራለች፣ የእናቲቱ ሁለት ጉልበቶች ወደ ሆዷ በደንብ ይታጠፋሉ። በዚህ ጊዜ ዳሌዋ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ለትከሻው መንገድ ይገኛል። ረዳቷ ከአጥንቱ በላይ፣ ከእምብርት በታች፣ የተያዘውን ትከሻ በመዳፏ ትገፋለች። በርካታ ህፃናት በዚህ ብቻ ይወጣሉ። ካልሆነም እናቲቱን በእጅና በጉልበቷ አንበርክኮ ማዋለድ አለ፤ ይህን አሜሪካዊቷ አዋላጅ አይና ሜይ ጋስኪን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የልምድ አዋላጆች ተምረው ለዓለም ያሳወቁት ነው። የኋለኛውን ክንድ በእጅ ፈልጎ ማውጣት ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ እጅ የሚገኘው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው።

ክንዱ ዝሎ የተወለደ ልጅን ጉዳይ በእርግማን ወይም በሰው ዓይን ማመካኘት፣ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትም ጊዜ ማባከን ነው። አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ልጁን ሳይዘገዩ ለባለሙያ ማሳየት፣ ክንዱን እንዴት በቀስታ ማንቀሳቀስ እንደሚገባ መማር፣ በ3 ወር ለውጥ ካልታየም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚለየው ጭንቅላቱ ራሱ ማለፍ አቅቶት ምጥ ለቀናት ሲጎተት የሚደርሰው ጉዳት ነው። የተጫነው ሥጋ ይሞትና ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ፊስቱላ ይፈጠራል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሆስፒታል ለእነዚህ እናቶች ነው። ሁለቱም ጉዳቶች መነሻቸው ቢለያይም እናቲቱ ጤና ተቋም በጊዜ መድረሷ ለሁለቱም ወሳኝ ነው።

በዚህ ረገድ ለውጥ አልታየም ማለት አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ ከ100 5 ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሷል። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እናቶች ከምጥ በፊት መጥተው የሚቆዩበት ቤት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት በማቆያው ከቆዩት እናቶች ከ1000 ወሊድ 18 ያህል ህፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ሞተው ተወልደዋል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸው ልዩነቱን አስፍቶታል፤ የማቆያው ጥቅምም ይኸው አለመዘግየቱ ነው።

ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች የሚጎድላቸው ብዙውን ጊዜ እህል፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ነው። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ቤት የተዋቸውን ልጆችና ከብቶች የሚጠብቅላት ስታጣ ሳትቆይ ትመለሳለች። እህሉን መሠረታዊ ማህበራት ከመጋዘናቸው ሊያዋጡ ይችላሉ፤ ልጆቹንና ከብቶቹን ዕድሩ ተራ ገብቶ ቢይዝላት ችግሩ ይቃለላል። ለወረዳ አመራሮች ደግሞ ጉዳዩ አምቡላንሱ ነው። ነዳጁ ለስብሰባ ጉዞ ካለቀ ወይም ጎማው ሳይቀየር ከቆመ እናቲቱ በቃሬዛ ላይ ስትንገላታ ታድራለች።

አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳ ማሳ ላይ ይውላል፤ የዩኒየኑ መኪኖችም ምርት ጭነው ይወጣሉ። በእነዚያ ሳምንታት ምጥ የያዛትን እናት ለማድረስ ተራ የሚጠብቀው የትኛው መኪና እንደሆነ፣ የሾፌሩም ስልክ በየትኛው መጋዘን በር ላይ እንደሚለጠፍ፣ ከአጨዳው በፊት በሚደረገው የቦርድ ስብሰባ ቢወሰን የተሻለ ይሆናል።