ከጭላሎ አናት በላይ
ከአሰላ ከተማ በስተምሥራቅ የሚታየው የጭላሎ ተራራ ገብስ የሚዘራበትን ደጋ አልፎ ውርጭ ወደሚባለው፣ ማለትም አስታና ጅብራ ወደሚበቅሉበት ብርዳማ ከፍታ ይደርሳል። በዚያ የሚኖረው የደጋ አጋዘን በዱር ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ሲሆን፣ በጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ቡናማ ገላው ጉም በለበሰው አስታ ውስጥ ከዓይን ይሰውረዋል።

የአየር ንብረት እየሞቀ ሲሄድ የገብስ እርሻ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቅዝቃዜ የለመደው ፍጥረትም ወደ አናቱ ይሸሻል፤ ተራራ ግን ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚጠብ ከጫፉ ወዲያ መሄጃ የለም። ስለሆነም የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ወሰን ማስከበር እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ አጋዘኑ ከተራራ ወደ ተራራ እንዲተላለፍ በጭላሎ፣ በጋላማና በካካ ተራሮች መካከል የቀረው አስታ ከእሳትና ከምሳር መጠበቅ፣ አስታውን ለማገዶ የሚቆርጠው ገበሬም ሌላ ማገዶ በደጁ ማግኘት ይኖርበታል።