ስለ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጎንደር ወይም በጎጃም መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይመለከት አይቀርም። እርሻው ተራቁቶ፥ ግጦሹም ተልጦ ከሚታየው አገር መካከል፥ ከሩቅ ጠቍሮ የቆመ የዛፍ ጕብታ ያያል። መንገደኛውም ገና ጕልላቱ ሳይታየው ያማትባል፤ እንዲህ ያለ ደን ባለበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃልና። ስለዚህ በአገራችን ከሩቅ የምንሳለመው አስቀድመን ዛፉን ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነውም ስለዚሁ ዐጸድ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ሥራ ሰጥቶ ነው። ሥራውም ሁለት ነበረ፤ ማበጀትና መጠበቅ። እኛ ሰባኪዎች ስለ ዕፀ በለስና ከገነት ስለ መባረር ብዙ ጊዜ ስንናገር፥ ከበደል በፊት ስለ ተሰጠው ስለዚህ ሥራ ግን የምንናገረው ጥቂት ነው። አባቶቻችን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዐጸዱን ከልለው፥ የገነት ምሳሌ ነው እያሉ አስተምረው፥ ቅርንጫፉን ማንም እንዳይቈርጥ በግዝት አስረው አቆዩልን። ነገር ግን ማበጀት የሌለበት መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ አሁን እያየነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ሊቅ፥ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉትን ጥናት በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበው ነበር። በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሮ ተገኝቷል። በዙሪያቸው ካለው እርሻና ግጦሽ ላይ ብዙዎቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ካህኑና ገበሬው የጠበቁት ግን አለ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በዚያው ጥናት ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር አለበት። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን የሚተካቸው ችግኝ በብዙ ቦታ ወይ የለም ወይ ጥቂት ነው። ከብት በሚገባበት ደን የበቀለው ይበላል፥ የተረፈውም ይረገጣል፥ አፈሩም ይደነድናል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ ግን ችግኙ ሲያድግ ታይቷል። ደግሞም አፈሩ ተወስዶ በውስጡ ያለው ዘር ሲመረመር፥ አብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሆኖ ተገኘ እንጂ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር በጣም ጥቂት ነበረ። የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን ተኝቶ አይቈይምና፤ ቶሎ ይበቅላል፥ ያለዚያ ይሞታል። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች በኋላ ዝናብ ቢዘንብ፥ መሬቱም ቢያርፍ፥ ከመሬቱ የሚነሣላት ልጅ የላትም።

ሌላም አለ፤ ይኸንን ሽማግሌዎች ከሊቃውንት በፊት ያውቁታል። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ዝግባም እንዲሁ ነው፤ ኮሶም እንዲሁ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገውን ቀይ አበባ የምታወጣው ሴቲቱ ኮሶ መሆንዋን እናቶቻችን አይስቱም። በአንድ ዐጸድ ውስጥ ሦስት የኮሶ ዛፎች ቢቀሩና ሦስቱም ወንዶች ቢሆኑ፥ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ደን ይመስላሉ እንጂ ዘር አይሰጡም። ኖኅ ወደ መርከብ ያስገባው ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባናል።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማንጠራው በአንድ ደብር ለንግሥ በዓል ተጠርተን ሄደን ነበር። ወጣቶቹ ለክብረ በዓሉ ብለው በዛፎቹ ሥር ያለውን ቍጥቋጦ ሁሉ መንጥረው፥ ቅጠሉን ጠርገው፥ መሬቱን እንደ አውድማ አጽድተው ጠበቁን። እኛም በአውደ ምሕረቱ ቆመን ትጋታቸውን አመሰገንን፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ግቢ አላየንም አልን። በማግሥቱ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ለብቻችን ወስደው፥ ከተከመረው ምንጣሮ ውስጥ ከጕልበት የማይበልጡ የወይራና የዝግባ ችግኞችን እየመዘዙ አሳዩን። «አባቶቼ፥ ትናንት ያመሰገናችሁት የእነዚህን መቈረጥ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቍጥቋጦው ለችግኙ ጥላና አጥር ነው፤ የረገፈው ቅጠል ለአፈሩ ልብስ ነው፤ በዚያ የሚሰፍሩት ወፎችም ፍሬውን በልተው ዘሩን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳሉ። ንጽሕናና መራቆት አንድ እንዳይደሉ ያን ቀን ተማርን፤ የተማርነው ግን ከተቈረጠ በኋላ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍም ትጠይቁን ይሆናል። ባሕር ዛፍን አንረግምም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ፥ እንጨት አጥታ የነበረችውን አዲስ አበባን የታደገ ነው፤ ዛሬም ስንቱ ደሀ ቤቱን የሚሠራበት፥ እንጀራውንም የሚጋግርበት እርሱ ነው። እንዲያውም የደን ሊቃውንት በሙኔሳ ሻሸመኔ ባደረጉት ምርመራ፥ የተፈጥሮው ደን ቅርብ በሆነበት ስፍራ በውጭ አገር ዛፎች ጥላ ሥር የአገር ዛፎች ሲበቅሉ አግኝተዋል። ጥፋቱ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። የሰበካ ጉባኤያችን ገንዘብ ሲያጥረው የዐጸዱን ዳር መንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥም ቈርጦ ይሸጣል። የጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ ችግሩን አናቃልልም። ነገር ግን ለባሕር ዛፍ የተራቆተው ተረተርና የእርሻው ዳር እያለለት፥ ለጥቍር እንጨትና ለዶቅማ ከቀረችው ከዚያች ጥቂት መሬት ላይ ለምን ይተከላል? ጣሪያውን ለማልበስ ዐጸዱን መግፈፍ ይገባልን?

የጠፋ ደን ይመለሳልን? ለሚል ሰው አንድ የቆየ ታሪክ አለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ደን፥ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘርና ችግኝ እንደ ተተከለ ይነገራል። በዚህ ነገር ልብ የሚነካው፥ ከአንዱ የአገር ደን ለሌላው ተራራ ዘር መወሰዱ ነው። ወፍ ዋሻ ባይጠበቅ ኖሮ ለመናገሻ የሚሰጥ ባልኖረ ነበር። ዛሬም እያንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለዙሪያው አገር የዘር ጎተራ ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ገበሬው ዘር ከወዴት ያመጣል?

በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች የጀመሩት ሥራ ደስ ያሰኛል። ገበሬዎቹ ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ እየለቀሙ በዐጸዱ ዙሪያ ካብ ካቡ። እርሻው ከድንጋይ ነጻ ሆነ፥ ከብቱም ከደኑ ተከለከለ፤ ለሰው በር ተተወለት። ካቡን ከዛፎቹ ጥግ ሳይሆን ትንሽ ራቅ አድርገው የካቡትም፥ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ አገኙ። ይህ ገንዘብ ከሚጠይቀው ይልቅ ጕልበትና ስምምነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስምምነቱ ግን ይከብዳል፤ በበጋ ከዐጸዱ በቀር ላሙን የሚያሰማራበት የሌለው ሰው አለና። ሣሩ እየታጨደ በሸክም ይሰጠው ዘንድ ጉባኤው ቢወስን፥ ያ ሰው የካቡ ጠላት አይሆንም።

እንግዲህ ምእመናን፥ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቁን ቀምሳችሁ ወዲያው አትበተኑ። ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ዐጸዱን አንድ ጊዜ ዙሩት። ላይ ላዩን ሳይሆን ወደ መሬት እየተመለከታችሁ፥ ከጕልበት በታች የሆነ የዝግባ፥ የወይራ፥ የጥድና የዋንዛ ችግኝ ስንት እንዳለ ቍጠሩ። የዛፎቹን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ልጆቹ አብረዋችሁ ይዙሩ። ቍጥሩንም በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ አስጽፉ፤ በዓመቱ በዚያው ቀን ተመልሳችሁ ትቈጥሩታላችሁና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።