አረም የምንለው ቀለብ፦ የሣር ዘርና ዘር በል ወፎች



የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ስሙ የገነነው በጫካ ቡናው ነበር። ዛሬ የምናገረው ግን በቦንጋ ዙሪያ በእርሻ ድንበር ላይ ስለሚያፈራው ሣር ነው።

በቤታቸው ዘር በል ወፎችን የሚያረቡ ሰዎች አጥብቀው የሚሹት እሸቱን፣ በጣት ሲጫኑት ወተት የሚያወጣውን ዘር ነው፤ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት በዚህ ለስላሳ ዘር ነውና። የዱር ዳጉሳ ለዚህ ይበጃል። ሆኖም ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ የተለቀመ ዘር ቀለብ መሆኑ ቀርቶ መርዝ ሊሆን ይችላል።

የምናመርተው ዳጉሳም የተገኘው ከዚሁ የዱር ሣር ነው። እንግዲህ ድንበሩን ሁሉ በመድኃኒት ስናጠራ የእህላችንን ወላጅ ከወፎች ቀለብ ጋር አብረን እናጠፋለን። የሚለቅምም ሰው ለዱር ወፎች ያስተርፍ።