ፀሐይ ተጋረደች እንጂ አልጠፋችም



በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ካርቦንዴል የምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። ኦገስት 21 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ፀሐይ በዚያች ከተማ ላይ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች። ብዙ ሺህ ሰው በሳዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተሰብስቦ፣ መነጽሩን ይዞ ጠበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ምን መጣ መሰላችሁ? ደመና! ጨለማው የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ አብዛኛውን ደመና ወሰደባቸው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2024፣ ሙሉ ግርዶሽ በዚያችው ከተማ ላይ እንደገና አለፈ። አሁን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ለአራት ደቂቃ ያህል ቀኑ መሸ። በጨለማውም መካከል፣ በጨረቃ ዙሪያ፣ የፀሐይ አክሊል አበራ። ይህ አክሊል እኮ ሁልጊዜ አለ፤ በብርሃን ሰዓት ግን በዓይናችን አናየውም።

እስቲ አስቡት፤ የጨረቃ ስፋት ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል ያንሳል። ታዲያ ትንሿ ትልቋን እንዴት ሸፈነቻት? ለእኛ ስለቀረበች ነዋ!

ወገኖቼ፣ የእኛስ ነገር እንዲሁ አይደል? የቤት ኪራዩ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው ልጅ ዓይናችን ሥር ስለቆመ ከእግዚአብሔር የሚበልጥ ይመስለናል። ጸልያችሁ መልስ ሲዘገይ “ጌታ ትቶኛል” አላችሁ? ነገ ይገለጣል ብዬ ቀን አልቆርጥላችሁም። በ2017 ከደመናው በታች ከቆሙት ተማሪዎች ብዙዎቹ ሁለተኛው ሳይመጣ ተመርቀው ሄደዋል። ነገር ግን እነርሱ ባያዩአትም ፀሐይዋ በቦታዋ ነበረች።

ሉቃስ 23፥44 ላይ ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ለሦስት ሰዓት ጨለማ እንደሆነ እናነባለን። ያ ተራ ግርዶሽ አልነበረም። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ አዲስ ስትሆን ነው፤ ፋሲካ ግን በሙሉ ጨረቃ ይውላል። ሙሉ ግርዶሽም በአንድ ስፍራ ከስምንት ደቂቃ አያልፍም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ልጁ የእኔንና የእናንተን ኃጢአት ተሸከመ። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ነገር ያበቃ መሰላቸው፤ አብ ግን ሥራውን እየሠራ ነበር።

ዛሬ በጨለማ ያላችሁ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ እንዲህ በሉ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ባላይህም እንዳለህ አምናለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በል፤ እጄን ያዝ። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።