ለገና ብቻውን የሚጓዝ እንግዳና የመድረሻው ምርጫ

(በጉዞና በአስጎብኚነት ሙያ ላይ ለተሰማሩ አባላት በዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በጉዞ ወኪል ጽሕፈት ቤት ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ቀላል መስሎ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለገና ብቻዬን ወዴት ልሂድ?» የሚለው ነው። ቀላል የሚመስለው የሚፈለገው አንድ መቀመጫና አንድ አልጋ ብቻ ስለሆነ ነው። የሚከብደው ደግሞ ገና በብዙ አገር ሰው ሁሉ ወደየቤቱ የሚሰበሰብበት ዕለት ስለሆነ ነው። በሌላ ወቅት የተሳሳተ ምርጫ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል። በገና ሰሞን ግን የተሳሳተ ምርጫ እንግዳውን በባዕድ አገር፣ በተዘጋ ከተማ፣ በሆቴል ክፍል ውስጥ ከሐሳቡ ጋር ብቻውን ያስቀምጠዋል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በሐምቡርግ የሚኖሩ አንዲት የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ይታሰቡ። ባለቤታቸው ባለፈው ሚያዝያ ዐርፈዋል። አንዲቱ ልጃቸው የዘንድሮውን ገና ከባሏ ወላጆች ጋር ታሳልፋለች። ወይዘሮዋም ልጃቸው እንዳትጨነቅ ብለው «እኔ ወደ ውጭ አገር እሄዳለሁ» ብለዋታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አልቆረጡም። በማስታወሻቸው ላይ አራት ስም ጽፈዋል፤ ሎንደን፣ ቶክዮ፣ በሜክሲኮ የምትገኘው ዋሃካና ላሊበላ። ወይዘሮዋ ለምሳሌ የታሰቡ ሰው ናቸው፤ ጉዳያቸው ግን በየጽሕፈት ቤቱ በር የሚገባ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ የብዙ ሠራተኛ ልማድ የሥዕል መጽሔት መዘርጋትና ዋጋ መናገር ነው። ይሁን እንጂ ከሥዕሉም ከዋጋውም በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ተጓዡ ከበዓሉ ሊሸሽ ነው ወይስ በዓሉን ሊፈልግ? እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ አውሮፕላን አጠገብ ለአጠገብ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱን የሚያስደስተው ስፍራ ግን ሌላውን ያሳዝነዋል። የሚሸሸው ሰው ዕለቱ እንደ ማንኛውም ቀን የሚያልፍበት አገር ያሻዋል። የሚፈልገው ሰው ደግሞ በዓሉ በአደባባይ የሚከበርበት፣ እንግዳም ቆሞ ሊያየውና ሊካፈለው የሚችልበት አገር ያሻዋል። ለሁለቱም የማይስማማው ገና የቤት ውስጥ በዓል የሆነበት አገር ነው፤ በዚያ በዓሉ እንዳለ ያስታውቃል፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

ለዚህ ሎንደን ጥሩ ማስረጃ ናት። በታኅሣሥ ወር መንገዶቿ በመብራት ያሸበረቁ፣ መደብሮቿም በሰው የተጨናነቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን ግን የምድር ውስጥ ባቡሩም የከተማው አውቶቡስም አይሠራም። በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር የሚበልጡ መደብሮች በዚያ ዕለት እንዳይከፈቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ማረፊያውን ከከተማው ዳር ያደረገ እንግዳ ለጸሎት ወደ መካከል መምጣት ቢፈልግ በእግሩ መሄድ ወይም ውድ ታክሲ መያዝ ይኖርበታል። በጀርመንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኑረምበርግ የገና ገበያ በሰፊው የታወቀ ነው፤ የድሬስደኑም ከ1434 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ሆኖም የኑረምበርጉ ገበያ ዲሴምበር 24 ቀን ከቀትር በኋላ ይዘጋል፤ ሱቆችም ይዘጋሉ፤ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። የገና ገበያ የሚያምረው ከገና በፊት መሆኑን ሳያውቅ ለበዓሉ ዕለት የመጣ እንግዳ የሚያገኘው የሚፈርሱ ዳሶችን ነው። ወይዘሮዋ ይህን በአገራቸው ያውቁታል፤ ሎንደንም ከዚህ የተለየ ነገር እንደማትሰጣቸው ሲነገራቸው የመጀመሪያውን ስም ይሰርዛሉ።

ቶክዮ የሚሸሽ ሰው አገር ናት። በጃፓን ዲሴምበር 25 የሥራ ቀን ነው፤ ባቡሩ ይሄዳል፤ ሙዚየሙና ሱቁ ይከፈታል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኬንታኪ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ባደረገው ማስታወቂያ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ በገና የተጠበሰ ዶሮ መብላት ለምዷል፤ ይህ ግን ከሃይማኖት በዓልነት ይልቅ የከተማ ልማድ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዚያ አገር የዲሴምበር 24 ምሽት የወጣት ጥንዶች ምሽት ስለሆነ፣ ምግብ ቤቶች በሁለት በሁለት ሰው ይሞላሉ። ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ስትጠይቅ የሚሰማትን መገመት አያዳግትም። በተጨማሪም በጃፓን የቤተሰብ በዓል አዲስ ዓመት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻና በጃንዩዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ሱቅና መሥሪያ ቤት ይዘጋል። በአንጻሩ በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይደወላል፤ ይህንንም ማንኛውም እንግዳ ቆሞ ሊሰማው ይችላል። እንግዲህ ቶክዮን ለሚመርጥ ሰው የገናውን ምሽት እራት በሆቴሉ ውስጥ አስቀድሞ መያዝና የአዲስ ዓመቱን መዘጋት ማስታወቅ የወኪሉ ግዴታ ነው።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ሲጠየቁ «ከሁሉም ነገር መራቅ ነው የምፈልገው» ይላሉ። በዚህ ቃል ብቻ ቶክዮ ትሸጥላቸው ነበር። ጥሩ ባለሙያ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ «ባለፉት ዓመታት ዲሴምበር 24 ቀን ምን ያደርጉ ነበር?» ይላቸዋል። ወይዘሮዋም ከቀትር በኋላ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ቆመው ይዘምሩ እንደነበር፣ ከዚያም ወደ ቤት ተመልሰው ከባላቸው ጋር እራት ይበሉ እንደነበር ይናገራሉ። ከዚህ መልስ የሚታየው የሚሸሹት በዓሉን አለመሆኑ ነው። የሚሸሹት ባዶ ወንበር ያለበትን ጠረጴዛ ነው። መዝሙሩንማ እንደሚፈልጉት ግልጽ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው ስፍራ ጸሎቱና መዝሙሩ በአደባባይ የሆነበት፣ የቤተሰብ ማዕድ ግን ከፊታቸው የማይደቀንበት ነው።

በሜክሲኮ ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ባሉት ዘጠኝ ምሽቶች የሚፈጸም ሥርዓት አለ፤ ስሙም ፖሳዳስ ይባላል፤ ማደሪያ ማለት ነው። ሕዝቡ ማርያምንና ዮሴፍን በመወከል ሻማ ይዞ ከበር ወደ በር ይሄዳል፤ በውጭ ያሉት በዜማ ማደሪያ ይለምናሉ፤ በውስጥ ያሉት በዜማ ይከለክላሉ፤ በመጨረሻ አንድ በር ይከፈትና ሁሉም ይገባሉ። ብቻውን ለሚጓዝ እንግዳ ከዚህ የተሻለ በዓል ማግኘት ያስቸግራል፤ የበዓሉ ጉዳይ ራሱ ማደሪያ የሚሻ መንገደኛ ነውና። በዋሃካ ከተማ ደግሞ ዲሴምበር 23 ቀን ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍጅል ሌሊት የሚባል ውድድር ይደረጋል፤ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከትልልቅ ፍጅል ቀርጸው የሠሩትን የልደት ትርኢት በአደባባዩ ላይ ያሳያሉ። በማግሥቱ ምሽት ከየአጥቢያው የሚነሡ ሰልፎች ወደ ማእከላዊው አደባባይ ይመጣሉ። ይሁን እንጂ እውነቱ ሁሉ መነገር አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚበላው የዲሴምበር 24 ሌሊት እራት በሜክሲኮም የቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሰልፉ ካለቀ በኋላ እንግዳዋ የሚቀመጡበት ስፍራ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ የሸሹት ጠረጴዛ በሌላ አገር ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። ላሊበላ በወይዘሮዋ ዝርዝር ላይ የመጨረሻው ስም ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው ፈተና ነው። በመጀመሪያ የቀኑ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዩዋሪ 7 ማለት ነው። ዲሴምበር 25 በኢትዮጵያ የሥራ ቀን ነው፤ ምእመናኑም ከኅዳር 15 ቀን የጀመረውን ጾመ ነቢያት እየጾሙ ናቸው። ስለዚህ «ገናን በላሊበላ» በሚል ማስታወቂያ ተስቦ ዲሴምበር 24 የሚደርስ እንግዳ የሚያገኘው ጾምን እንጂ በዓልን አይደለም። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ለሁለቱም ዓይነት ተጓዥ የምትሆን አገር ናት። ከዲሴምበር 25 ለሚሸሽ ሰው ቀኑ ሳይታወቅ የሚያልፍባት ናት፤ በዓሉን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ገና አላት። ይህን ልዩነት ሳያስረዳ ቲኬት የሚቈርጥ ወኪል ግን የአገሪቱን ጸጋ ወደ ቅሬታ ይለውጠዋል።

በላሊበላ በበዓሉ ከየአውራጃው በእግር ጭምር የሚመጣው ምእመን ቦታውን ይሞላዋል። ዕለቱ የልደት በዓል ብቻ ሳይሆን በትውፊት የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀንም ነው። በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያቀርቡ፣ ላዩ የመላእክት፣ ታቹ የእረኞች ምሳሌ ነው። በዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. በተመዘገቡት በ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ሕዝብ እንግዳን «ከማን ጋር መጣህ?» ብሎ አይመረምርም፤ ሁሉም መንገደኛ ነውና። መዝሙር ለናፈቁ ሴት ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ሆኖም ከዚህ ላይ የባለሙያው ሕሊና ይፈተናል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጥር ሌሊት ብርድ ነው፤ ማሕሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚሰማ ነው። ከዚህም ይበልጥ የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ደርሶባታል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት ተከሥቷል። ቡድን ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገድ ቢዘጋ የሚመክረው አለው፤ ብቻቸውን ለመጡ እንግዳ ግን አማካሪያቸው ቲኬቱን የሸጠላቸው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የወቅቱን ሁኔታ ከቦታው ሰዎች፣ ከአየር መንገዱና የእንግዳው መንግሥት ከሚያወጣው ማሳሰቢያ አጣርቶ፣ የተገኘውን ሳይቀንሱ መንገር ይገባል። የበዓሉንም መርሐ ግብር ከቤተ ክርስቲያኑ ማረጋገጥ ያሻል። የሀገር ፍቅር ማለት የአገርን ችግር ከእንግዳ መሰወር አይደለም።

ይህ ምክር ለውጭ አገር ሰው ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሥራ ዕረፍት የሚያገኙት በዲሴምበር 25 ነው፤ በዚያ ዕለት ይጾማሉ፤ ጃንዩዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ወደ አገሩ ሊመጣ ሲያስብ፣ ዕረፍቱን በወሩ መጨረሻ ከመጨረስ ይልቅ አስቀድሞ ወደ ጃንዩዋሪ እንዲያሻግረው ማሳሰብ የአንድ ደቂቃ ምክር ነው። ያን ምክር ያጣ ሰው ግን የበዓሉን ዋዜማ በአውሮፕላን ማረፊያ ያሳልፋል።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዋጋ ነው። የጉብኝት ዋጋ የሚሰላው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር ተደርጎ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለክፍሉ ጭማሪ ይከፍላል። ይህን በመጨረሻው ሰዓት ከመስማት በመጀመሪያ መስማት ይሻለዋል። ሁለተኛው የመመለሻው ቀን ነው። ወይዘሮዋ ዲሴምበር 31 ቀን ወደ ሐምቡርግ ቢመለሱ፣ ከገና የሸሹትን ባዶ ቤት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ያገኙታል። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ልጃቸው ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ እንዲሆን ቢደረግ፣ ጉዞው የሚያልቀው በአውሮፕላን ማረፊያ ከምትቀበላቸው ልጅ ጋር ይሆናል።

ወይዘሮዋ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የዘንድሮውን ገና በዋሃካ ለማሳለፍ ቢመርጡና ላሊበላን ሰላም ለሚሆንበት ዓመት ቢያቈዩ፣ ኢትዮጵያዊው ወኪል ከዚያ ጉዞ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ነገር ግን ወይዘሮዋ በዚያ ምሽት ሻማ ይዘው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ በር ፊት ቆመው ሲዘምሩ፣ በሩም ሲከፈት፣ የጉዞ ሙያ ሥራውን ፈጽሟል ማለት ነው። ላሊበላንም የሚያስቡበት ዓመት ሲመጣ የሚደውሉት እውነቱን ለነገራቸው ሰው ነው።