ገና የሚሄድ መኪና ስለ መስበር
(በባሕር ዳር በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)



ለዚህ ምሽት የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። አገር ስንት ችግር እያለባት፣ ፈረንጅ በቴሌቪዥን ስለሚሰብረው መኪና ምን አነጋገራችሁ የሚለን አይጠፋም። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ በምን እንደሚሥቅ ያየ ሰው ምን እንደሚንቅም ያውቃልና ጥቂት ታገሡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቶፕ ጊር» የተባለው የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ገዛ። መኪናው በ1988 የተሠራ ነው፤ አረጀ እንጂ አልታመመም ነበር። በደረጃ ላይ አወረዱት፤ ከዛፍ ጋር አጋጩት፤ የባሕሩ ውሃ በሚሞላበት ዳርቻ ትተውት ማዕበሉ ዋጠው፤ በብረት ኳስ ደበደቡት፤ በእሳት አቃጠሉት። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ በፈንጂ ሊፈርስ በተዘጋጀ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሰቅለው ከሕንፃው ጋር ጣሉት። ከፍርስራሹ ሲወጣ፣ አንድም መለዋወጫ ሳይገዛለት፣ መካኒኩ በመፍቻ ነካክቶት ሞተሩ ተነሣ! በኋላም ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሐውልት አቆሙት።

አሜሪካኖች ደግሞ ቀደም ብለው ነው የጀመሩት። «ዘ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 ሲታይ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ዶጅ ቻርጀር መኪናዎች እንደ ፈጀ ይነገራል። መኪናው በየሳምንቱ ይዘላል፤ ሲያርፍ ሻንሲው ይጣመማል፤ ለሚቀጥለው ዝላይ ሌላ መኪና ይገዛል። እየቆየ የሚገዛ ቻርጀር መገኘቱ እየቸገረ ስለ ሄደ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በትንንሽ ሞዴሎች ጭምር ያዘልሉ ጀመር። ድራማው ግን መታየቱን አላቆመም። እንግዲህ መጀመሪያውኑ በሞዴል ቢሠሩት ምን ይጎድል ነበር?

ስለ ሃይሉክሱ የሚከራከሩን ጓደኞች አሉ። «ጥንካሬው ተመሰከረለት እንጂ ምን ተበደለ?» ይላሉ። የዚያ መኪና ወንድሞች ግን በየወረዳው ኮረኮንች ላይ ሰውና እህል ጭነው ሲመላለሱ ጥንካሬያቸውን ያለ እሳት አስመስክረዋል። ያው ፕሮግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሦስት አሮጌ መኪናዎች የናይልን ምንጭ እንፈልጋለን ብሎ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ጭቃ ውስጥ ሲነዳ፣ አሮጌ መኪና ምን ያህል እንደሚችል አሳይቷል። (ምንጩን ወደዚያ መፈለጋቸውን ጣና ዳር ያለን ሰዎች በሌላ ምሽት እንከራከርበታለን።)

ለምን ይሰብራሉ ያልን እንደሆነ፣ መልሱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። በእነርሱ አገር የመካኒክ ጉልበት ውድ ነው፤ አሮጌ መኪና ርካሽ ነው። ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ የበለጠ ዕለት መኪናው «ሞተ» ይባላል፤ መሄድ ግን አላቃተውም። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እጅ ርካሽ፣ ብረት ውድ ነው። ፔዦ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ የወጣ መኪና ሲሆን፣ ፈረንሳይ ካረጀ ብሎ ከተወው በኋላ ሐረር ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ቤተሰብ አስተዳድሯል። የአዲስ አበባን ላዳና ቮልስ የማያውቅ ማን አለ?

ለመንገድ የማይሆነውም ቢሆን እንዲያው አይጣልም። ሞተሪኖው፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ ተፈትቶ ሶማሌ ተራ ይሸጣል። ባሌስትራው ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ መጥረቢያና ማጭድ ይሆናል። አክስሉ ለጋሪ ይገጠማል። ያለቀው ጎማ በረባሶ ሆኖ ገበሬውን ከገበያ ገበያ ያደርሰዋል። ላሜራው ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የዚህ የሐይቃችን ታንኳ እንኳ፣ ከደንገል የታሰረ ዕድሜው አጭር ዕቃ ሲሆን፣ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቆ ይመለሳል እንጂ ለሣቅ ሲቃጠል አላየንም።

ያረጀ ሁሉ ለዘላለም ይነዳ ማለታችን ግን አይደለም። ፍሬኑ የማይዝ፣ ጭሱ መንገደኛውን የሚያሳውር መኪና ከመንገድ መውጣት አለበት። ነገር ግን መፍታት ሌላ፣ መስበር ሌላ ነው።

እስካሁን የሰውን አገር ወቅሰናል። እስቲ ደግሞ ወደየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በአጥር በኩል ተመልከቱ። አንድ ዕቃ የጎደለው መኪና ለጊዜው ተብሎ ይቆማል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ጎማው ይተነፍሳል፤ ክረምት ሲመጣ ሣር ይውጠዋል፤ ሐራጅ በሚወጣበት ጊዜ የሚሸጠው ብረቱ ብቻ ነው። እንግሊዞቹ መኪናውን ሲሰብሩ ቢያንስ አንድ ሰው ሥቋል፤ በእኛ ግቢ ግን ሣቂም የለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በመንገዳችን ላይ ያሉት መኪናዎች ሲያረጁ የሚጠገኑት እርስ በርሳቸው ዕቃ በመዋዋስ ጭምር ነው። ቆሞ የሚዝግ ካምቢዮ ሁሉ አንድ ሹፌር ሊያገኘው ያልቻለው ካምቢዮ ነው።

ይህን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬ ፖሊ ግቢ የምንለው፣ ገና ከመነሻው የብረት ሥራና የእርሻ መሣሪያ ሜካኒክስ የሚማሩበት ቤት ነበር። ሞተርን በሥዕል ብቻ አይቶ የሚመረቅ መካኒካል ኢንጂነር ግን ዛሬም በአገራችን አልጠፋም። እንግዲህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ በየግቢው ከቆሙት መኪናዎች ሁለት ወይም ሦስቱ በሕጋዊ መንገድ ለወርክሾፕ እንዲሰጡ ለማን ይጻፍ? ደብዳቤውን እኛ እናረቃለን፤ መኪናዎቹንም ገፍተን የምናመጣ ልጆች አለን። ብቻ ከሰኔ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ የባሕር ዳር ዝናብ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በኋላ ፒስተኑን የሚያላቅቅ መዶሻ አይገኝም።