የሚለወጠው አፈሙዝና የማይለወጠው መቀርቀሪያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ የጠመንጃን አፈሙዝ ስለ መለወጥ ነው። በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ይህን ርእስ ማንሣት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ወምበርማ ባለው ገጠር አሮጌ ጠመንጃ የጦር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የአያት ስም ማስታወሻ፣ የለቅሶና የሠርግ ማዕርግ ነው። ጠመንጃው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጥይቱ ግን አብሮ አይተላለፍም። የድሮው ጥይት ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንግዲህ ባለቤቱ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ሄዶ «አፈሙዙን ለውጡልኝና በሚገኘው ጥይት ይተኩስ» ቢል፣ የሙያችን መልስ ምን መሆን አለበት? የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን ላብራራ። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ከሚያርፍበት ጎድጓዳ ጀምሮ እስከ መውጫው ያለውን መላውን የብረት ቱቦ ማለቴ ነው። መቀርቀሪያ ስል ደግሞ እንደ በር መወርወሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ የጥይቱን ጀርባ የሚዘጋውን ክፍል ነው። አፈሙዝ በጥርስ የታሠረ ስለሆነ ተፈትቶ ይለወጣል። መቀርቀሪያውና እርሱን የያዘው አካል ግን የጠመንጃው ዋና ሰውነት ናቸውና ባሉበት ይቀራሉ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

በአገራችን ስሙ የገነነውን ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ይኸውም ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣው ባለ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ውጅግራ ራሱ የለውጥ ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የመጀመሪያ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣውንና በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ የናስ ቀለህ እንዲቀበል ማድረግ ነበር። የውጅግራ ቀለህ 59 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ አምስት ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ይይዛል፤ 25 ግራም የሚመዝነውን እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች አንዱ ይህ ነው። ቀለሁ እንደገና በባሩድና በእርሳስ ሊሞላ ይችል ስለነበር አይጣልም ነበር፤ እንዲያውም በአንዳንድ የአገራችን ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ይመነዘር ነበር።

በጠላት ወረራ ዘመን ግን የጥይት ልዩነት ጣጣ በግልጥ ታየ። ከኢጣሊያኖች የተማረከ የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ለ11 ሚሊሜትር ውጅግራ አንዳች አይጠቅምም። ስለሆነም የጎጃም አርበኛ ጥይቱን ሲማርክ ጠመንጃውንም አብሮ መማረክ ነበረበት። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍጉ በየመንደሩ የቀረው መሣሪያ ልዩ ልዩ ዐይነት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የ8 ሚሊሜትር ለበል ጠመንጃ አወጡ። የለበል ቀለህ የተሠራው የውጅግራን ቀለህ መነሻ አድርጎ አንገቱን በማጥበብ ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1914 ታላቁ ጦርነት ተነሥቶ ጠመንጃ ባነሰ ጊዜ፣ በመጋዘን የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ውጅግራዎች የለበል አፈሙዝ ተገጠመላቸው። የቀለሁ ጀርባ ስለሚቀራረብ ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ለበል መቀርቀሪያውን በፊት በኩል በሁለት ጆሮ ሲቆልፍ፣ ውጅግራ የሚቆለፈው በእጀታው ሥር፣ በአንድ ወገን ብቻ ነው። የሁለቱ ቀለሆች የጀርባ ስፋት በግምት 150 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የጋዙ ግፊት በ1,000 ባር በጨመረ ቁጥር መቀርቀሪያውን ወደ ተኳሹ ፊት የሚገፋው ኃይል 15,000 ኒውተን፣ ማለትም አንድ ቶን ተኩል ያህል ይጨምራል። አዲሱ አፈሙዝ ይህን ይችላል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ግን አሮጌው መቀርቀሪያ ነው።

ኢጣሊያኖችም በዚያው ጦርነት ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ባለ 10.4 ሚሊሜትር የነበረውን የቬተርሊ ጠመንጃ አፈሙዝ ፈልፍለው በውስጡ የ6.5 ሚሊሜትር ቱቦ ከተቱበት። ይህ ዐይነት ጠመንጃ በኋላ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ለተመለመሉ ወታደሮች ታደለ፤ በአገራችንም ቀርቷል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መቀርቀሪያ የጭስ አልባን ባሩድ ግፊት እንዲሸከም የተፈረደበት በመሆኑ፣ ዛሬ አዋቂዎች በሙሉ ጥይት እንዳይተኰስበት ያስጠነቅቃሉ።

ወደ ኋላ መሄድስ ይቻላልን? ይኸውም ጠንካራ ጠመንጃ ወስዶ የጥንት ጥይት የሚጎርስ አፈሙዝ መግጠም ማለት ነው። በአገራችን «ቤልጅግ» የሚባለው፣ በማውዘር ሥርዓት የተሠራው የቤልጅግ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ከፊት ሁለት፣ ለመጠባበቂያም ከኋላ አንድ ጆሮ አለው። ስለ ጥንካሬ ከሆነ የጥንቱ ጥይት ለእርሱ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የጥንካሬ ጥያቄ ሲመለስ የልክ ጥያቄ ይነሣል። የማውዘር መቀርቀሪያ ፊት የተሠራው 12 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ላለው የቀለህ ጀርባ ነው፤ የውጅግራ ቀለህ ከንፈር ደግሞ 17 ሚሊሜትር ይጠጋል። ስለዚህ መቀርቀሪያው ሊይዘው አይችልም። ከንፈሩ የወጣ ቀለህም ከንፈር ለሌለው ጥይት በተሠራ ካዝና ውስጥ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ ቦይም እንደ እርሳሱ ክብደትና ርዝመት ይለያያል፤ የውጅግራው በ55 ሴንቲሜትር አንድ ዙር ሲዞር፣ የማውዘሩ በ24 ሴንቲሜትር ይዞራል።

የልክ ነገር ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ የጀርመኖች ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው ጥይታቸው እርሳሱ 8.07 ሚሊሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የተተካው ደግሞ 8.20 ሆነ። ቀለሁ አንድ ዐይነት ስለሆነ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ዐይን የማያየው 0.13 ሚሊሜትር ግን ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያሳድገው ይችላል። «ገባ» ማለት «ተስማማ» ማለት አይደለም።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤

በእነዚያ ፋብሪካዎች የተደረገው ለውጥ መለኪያ፣ የብረት ማከሚያ እቶንና የግፊት ፍተሻ ነበረው። በአንድ ተራ ቶርኖ ቤት እነዚህ የሉም። የበለጠው አደጋ ደግሞ ለውጡ የተሰወረ መሆኑ ነው። አሠሪው ምን እንደተደረገ ያውቅ ይሆናል፤ ልጁ ግን አያውቅም። በጠመንጃው ላይ የተቀረጸው የጥንቱ ምልክት ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ለለቅሶ ሊተኩስ የሚያነሣው ወጣት ዐይኑንና እጁን የሚያሲዘው ባላየው ሥራ ላይ ነው። ሕጉም ቢሆን ግልጥ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን የሚመለከት ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ስለዚህ ለዚያ ባለቤት የምንሰጠው መልስ «አንለውጥም» የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን በትዕግሥት ልናስረዳው ይገባናል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ከእኛ በር ወጥቶ ብዙም ወደማይጠይቅ ሌላ በር ይሄዳልና።

ከዚህም በላይ ያልተነካ ውጅግራ ራሱ ሰነድ ነው። የተሠራበት ፋብሪካና ዘመን፣ የባለቤትነት ምልክቱ፣ በአገር አንጥረኛ የተጠገነው ሰደፉ ሁሉ ታሪክ ይናገራል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን መጋዘኖች የነበሩ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ተሸጠው ወደ አሜሪካ ተጉዘዋል፤ ዛሬ እዚያ ያሉ ሰብሳቢዎች በካሊፐር እየለኩ ስለ እኛ መሣሪያ ይጽፋሉ። እኛስ የቀረውን ለክተን፣ ሥዕሉን አንሥተን፣ ከባለቤቱ ቃል ጋር ብንመዘግበው ምን ይከለክለናል? ይህ ሥራ ከለውጡ ይልቅ ለሙያችን ክብር ይሆናል።

በመጨረሻም ነገሩ የጠመንጃ ብቻ አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ ዙሪያ ላሉ አሮጌ ወፍጮዎች ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር ግጠሙልን ሲሉን ጥያቄው ያው ነው። ሞተሩ አዲስ ነው፤ ዘንጉ፣ ኩሽኔታውና መሠረቱ ግን አሮጌ ናቸው። ማናቸውንም ለውጥ ስናቅድ ከምናመጣው አዲስ ክፍል ሳይሆን ባለበት ከሚቀረው ደካማ ክፍል ስሌታችንን እንጀምር። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ በጠመንጃ ላይ ሲሆን ግን የሚፈታው ትጥቁ ሳይሆን መቀርቀሪያው ነው።